ምስማሩ ላይ ያለው ሲባጎ

ጥቅምት 9

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ ተሟልቶ፣ ወገብዎም ተግ ብሎልዎት እንዲያገኝዎት እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት እንደ ወትሮው እንፋሎት በእንፋሎት ነው፤ አንሶላ እየተኮስኩ ከራሴ ጋር ሳወራ እውላለሁ።

አሁን የምነግርዎትን ሲሰሙ እንዳይስቁብኝ። ሆቴሉ ሊታደስ ነውና ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ ለሁለት ወር ሥራ የለም ተብለናል። አለቃችን ይህን ስትነግረን የሌሎቹ ፊት ጠቆረ፣ የኔ ልብ ግን ዘለለ። መምጣቴ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ዓመት» እያልኩ ስሸነግልዎት ኖሬያለሁ። አሁን ይበቃል።

የምመጣው ግን በብስክሌት ነው።

ልጅ ሆኜ ብስክሌት መጠገኛ ሱቅዎ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ብሎን ስለይ፣ ሩቅ አገር የሚጓዙ ሰዎች ብስክሌታቸውን ሊያሠሩ ይመጡ እንደነበር ያስታውሳሉ። እርስዎ ጎማውን አቃንተው፣ ፍሬኑን አጥብቀው፣ ዕቃቸውን በእጅዎ ጭነው ይሸኟቸውና ጥጉን እስኪዞሩ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋቸዋል። አንድ ቀን «እርስዎ ለምን አይሄዱም?» ብልዎት «ሱቁን ማን ይጠብቃል?» አሉኝ። እኔም «እንግዲያው እኔ ሄጄ መንገዱን እነግርዎታለሁ» አልኩ። ያንን ቃሌን በአውቶቡስ ስሄድ በላሁት። አሁን ልፈጽመው እፈልጋለሁ።

በካርታ ስለካው የዐሥራ ዘጠኝ ቀን መንገድ ነው። ብስክሌት የለኝም፤ ልግዛ ብልም መምረጥ አላውቅበትም። በዚህ ነገር ከእርስዎ ሌላ የማምነው ሰው የለም። ምን ዓይነት ልግዛ? እንዴትስ ላሰናዳው? ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ሰላም ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ቸርኬ


ኅዳር 2

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለቸርኬ፣

ያለሽበት አገር ሰላም ይሁንልሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤም ቢሆን ለምዶኛል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ሱቁን በጠዋት ዘጋሁት። ልብስ ሰፊዋ ሰው የሞተብኝ መስሏት መቀሷን እንደያዘች ሮጣ መጣች። «ኧረ የምሥራች ነው» አልኳት። «ታዲያ የምሥራች ከሆነ ጉንጭዎ ለምን ረጠበ?» አለች። እሷን ምን ያመልጣታል! በይ አሁን ወደ ሥራችን።

በቀለም እንዳትታለዪ። የሚያብረቀርቅ፣ ጎማው የቀጠነ፣ በአንድ ጣት የሚነሳ ነገር ሲያሳዩሽ አድንቀሽ እለፊ። እሱ ለእሽቅድምድም ነው፤ አንቺ ቤትሽን ጭነሽ ነው የምትመጪ። ቴላዮው፣ ዋናው አጥንቱ ማለቴ ነው፣ ብረት ይሁን። ብረት መንገድ ላይ ቢሰነጠቅ የትኛውም በር ሠሪ ይበይድልሻል፤ ሌላው ግን ከተሰበረ ተሰበረ ነው። ጎማው ሁለት ጣት የሚሰፋ ይሁን። ማርሹ ብዙ ስለሆነ እንዳትደሰቺ፤ ዳገት ላይ ተቀምጠሽ የምትወጪበት አንድ ቀላል ማርሽ ካለው በቃሽ።

የኋላው ጎማ ሽቦዎች ሠላሳ ስድስት ይሁኑ። ሻጩ ቢስቅብሽም ቁጠሪ፤ አንቺም ጓዝሽም የምታርፉት እነሱ ላይ ነው። ከዚያ የፊቱን ጎማ አንድ ጣት ያህል ከመሬት አንሺና ልቀቂው። ዱብ ብሎ ዝም ካለ ጤነኛ ነው። ከተንኳኳ አንድ ቦታ ላልቷል፤ ወይ ሻጩ ያጥብቀው ወይ ትተሽው ሂጂ።

ልክሽን ደግሞ ላኪልኝ፣ ግን በሜትር እንዳይሆን። ጫማሽን አውልቂ፣ ጀርባሽን ለግድግዳ ስጪ፣ መጽሐፍ በጭኖችሽ መካከል እስከ ላይ አስጠጊና ከመጽሐፉ ጠርዝ እስከ ወለሉ ክር ዘርግተሽ ቁረጪ። የኮርቻሽን ከፍታ እዚያው ላይ ቋጥሬ እመልስልሻለሁ። የደንበኞቼ ሁሉ ልክ ዛሬም በየምስማሩ ተሰቅሏል። ከነሱ ውስጥ የሞቱም አሉ፤ ሲባጎአቸውን ግን እጄ ለመጣል እምቢ ይለኛል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሽቦ ማጥበቂያ ቁልፌ አፉ ተበልቶ ያንሸራትታል። እዚያ ደህና ከተገኘ ላኪልኝ፤ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

አጎትሽ


ኅዳር 24

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ በሚጮኹት መኪናዎች መካከል ቆሜ ሦስቴ አነበብኩት። ወረቀቱ በእንፋሎቱ ራሰ፤ ቢሆንም ማንበቡን አላቆምኩም።

ባልደረባዬን ልብስ ተኳሿን ይዤ አሮጌ ብስክሌት የሚሸጥበት ግቢ ሄድኩ። ሻጩ እርስዎ እንዳሉት መጀመሪያ አንድ ቀይ አመጣ። ቢያዩት! በአንድ ጣት ይነሳል። ተኳሿ «ይሄ ነው፣ ከሹራብሽ ጋር ይሄዳል» አለች። አድንቄ አለፍኩ። ከጥግ አቧራ የለበሰ አረንጓዴ የብረት ብስክሌት አስወጣሁና ተንበርክኬ ሽቦ መቁጠር ጀመርኩ። ሻጩ «ሴትዮ፣ ጸሎት ላይ ነሽ?» አለኝ። ሠላሳ ስድስት ነው። የፊቱን አንስቼ ስለቀው ተንኳኳ። «መሪው ሥር ያለው ዳዶ ላልቷል» አልኩት። ሳቁ ቆመ፤ ቁልፉን አምጥቶ አጠበቀ። «ማን አስተማረሽ?» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ «አጎቴ» አልኩ።

ገዛሁት። አሁን ክፍሌ ውስጥ፣ በአልጋዬና በመስኮቱ መካከል ቆሟል፤ ለመተኛት እሱን መሻገር አለብኝ። ልኬን በሰማያዊ የልብስ ማስጫ ገመድ ለክቼ ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ሲባጎ ስላጣሁ ነው። ቁልፉንም ወደዚያ በሚመጣ ሾፌር እጅ ልኬያለሁ።

ስለ ወገብዎ «ለምዶኛል» ብቻ ብለው አለፉት። እስኪ ትንሽ ያብራሩልኝ።

ቸርኬ


ጥር 6

ለቸርኬ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ካለሽበት ይድረስ። ዘገየሁብሽ። ጽፌ ጨርሼ የት እንዳኖርኩት ጠፋኝና ልብስ ሰፊዋ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አገኘችልኝ። እጄ ነው እዚያ ማኖር የለመደ።

ቁልፉ ደርሶኛል። ወርቅ ነው፤ እጅሽ ይባረክ።

አረንጓዴው ጥሩ ምርጫ ነው። አሁን ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እየያዝሽ በጥፍርሽ ምቻቸው። የሁሉም ድምፅ ተቀራራቢ ይሁን፤ የሰነፈ ካለ ሩብ ዙር አጥብቂ፣ ከሩብ ዙር በላይ እንዳትሄጂ። ኩሽኔታዎቹን አስፈትተሽ አዲስ ግራሶ አስቀቢ። ጭነት ስትጭኚ ከባዱን ዝቅ አድርገሽ ለጎማው እምብርት አስጠጊው። ጭነሽ ከጨረስሽ በኋላ ሁሉንም አውርጂና ግማሹን ቤት ትተሽ እንደገና ጫኚ። መንገደኞቼ ሁሉ በዚህ ይጣሉኝ ነበር፤ ሲመለሱ ግን ያመሰግኑኛል።

የኮርቻሽ ልክ በሲባጎው ላይ ሁለት ቋጠሮ ሆኖ ተልኮልሻል። የታችኛው ፔዳሉ ዝቅ ሲል እሱ ላይ ይረፍ፣ የላይኛው የኮርቻው አናት ነው። ሳታዛንፊ እንደዚያው አድርጊው፤ ጉልበት አንዴ ከተበላሸ መለዋወጫ የለውም።

ሽቦ ማጥበቂያ ቁልፍ ግን ካገኘሽ እንዳትረሺኝ፤ የኔው አፉ ተበልቷል።

አጎትሽ


ጥር 29

ለምወድዎት አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ግራሶው ተቀብቷል፣ ሽቦዎቹ ተቃንተዋል፣ ከጓዜም ግማሹን ወደ ሣጥን መልሻለሁ፤ ከሁለት ሹራብ አንዱን ስመልስ ትንሽ ተጣላሁዎት።

ኮርቻውን በቋጠሮው ልክ አድርጌ ወጣሁበት። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ተኳሿ «ከየትኛው ሕፃን ቀምተሽ ነው?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ማታ ቤት ገብቼ ሲባጎውን ደግሜ ሳየው ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

አጎቴ፣ የላክሁልዎት ሰማያዊ ገመድ ነበር። የመጣልኝ ቡናማ ሲባጎ ነው፤ ጫፉ ጠቁሯል፣ የምስማር ዝገት ይዟል። ከራሴ ልክ በአራት ጣት ያንሳል። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ የመጀመሪያ ብስክሌቴን ሲሠሩልኝ የለኩኝ እሱ አይደል?

ቁልፉንም ቢሆን «ደርሶኛል» ብለው ጽፈው፣ ከታች «እንዳትረሺኝ» አሉኝ። ሰው ይዘነጋል፤ እኔም አንሶላ ሁለቴ እተኩሳለሁ። ግን ሆዴ አንድ ነገር ነግሮኛል። ደህና ነዎት? በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ።

ቸርኬ


መጋቢት 3

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለቸርኬ፣

ያለሽበት አገር ሰላም ይሁንልሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ብስክሌት ልትገዢ ነው አሉኝ። እሰይ። በቀለም እንዳትታለዪ። የሚያብረቀርቅ፣ ጎማው የቀጠነ፣ በአንድ ጣት የሚነሳ ነገር ሲያሳዩሽ አድንቀሽ እለፊ። ሽቦዎቹ ሠላሳ ስድስት ይሁኑ፤ ቁጠሪ። ልክሽንም ላኪልኝ።

እናትሽን ሰላም በዪልኝ። ቀሚስሽ ግራሶ በግራሶ ሆነ ብላ እንደተቆጣችኝ ነው። አዲስ እገዛላታለሁ በያት፤ ልጅቷን ግን ሱቅ ከመምጣት አትከልክልብኝ።

አጎትሽ

(በዚሁ ፖስታ ውስጥ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነበር።)

ልጄ፣ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ይህን አጎትሽ ሳያዩኝ ነው የከተትኩት። መርሳት የጀመሩት ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ መርሳት ነበር፤ ማን የማይረሳ አለ ብዬ ተውኩት። ኋላ ገበያ ሄደው ቤታቸው ጠፋቸው። ሐኪሙ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ የሚመለስ አይደለም ብሏል። እንዳልነግርሽ አስምለውኝ ነበር፤ «ደንግጣ መንገዱን ትተወዋለች» ይላሉ። መሐላዬን አፈረስኩ፣ ይቅር ይበለኝ። እጃቸው ሥራውን አልረሳም። ደብዳቤዎችሽንም በየማለዳው ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥተው እንደ አዲስ ያነባሉ። የሰው ፊት ግን እየጠፋባቸው ነው። የምትመጪ ከሆነ ፍጠኚ።


ሚያዝያ 2፣ ከመንገድ

ለምወድዎት አጎቴ፣

ሰላምታዬ ዛሬ ከወትሮው ቀረብ ካለ ቦታ ነው የሚመጣልዎ። ተነስቻለሁ። ዘጠነኛ ቀኔ ነው። እስከ ሆቴሉ መዘጋት አልጠበቅኩም። አለቃዬ «አሁን ከሄድሽ ቦታሽ አይጠበቅልሽም» አለችኝ፤ የማጠቢያ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

እናቴን ሰላም እንድልልዎት ጽፈዋል። እሷን በዘጠኝ ዓመቴ ቀበርናት። ከመቃብር ስንመለስ ብስክሌትዎ ላይ አስቀምጠው ወደ ቤትዎ የወሰዱኝ እርስዎ ነዎት፤ መንገዱን ሁሉ አንድ እጅዎ ትከሻዬ ላይ ነበር። ሰላምታዎን አድርሻለሁ። እሷም አልተቀየመችዎትም።

በቋጠሮዎ ልክ ሁለት ቀን ነዳሁ። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የርስዎን ቃል ማዛነፍ ግን አልሆነልኝም። ጉልበቴ እንደ ዳቦ አበጠ። በሦስተኛው ቀን አንድ በር ሠሪ ደጃፍ ላይ አረፍኩና ኮርቻውን በአራት ጣት ከፍ አደረግኩት። ሲያጠብቅልኝ አለቀስኩ፤ ሰውየው ያመመኝ መስሎት ወንበር አመጣልኝ። ሲባጎውን መሪው ላይ አስሬዋለሁ።

ይጠብቁኝ፣ አጎቴ። እባክዎ ይጠብቁኝ።

ቸርኬ


ሚያዝያ 26፣ ከጓዳው

ለምወድዎት አጎቴ፣

ሰላምታዬ ዛሬ ከሩቅ አይደለም። ይህን የምጽፈው ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍል፣ ድሮ የምተኛበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። በመጋረጃው በኩል አይዎታለሁ። በርጩማዎ ላይ ሆነው ሰንሰለት በናፍጣ እያጠቡ ነው።

ከመጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የደረስኩ ዕለት መጀመሪያ ያዩት ብስክሌቱን ነው። ከእጄ ተቀብለው የፊቱን ጎማ አንድ ጣት አነሱና ለቀቁት፣ ጆሮዎን ዘንበል አደረጉ። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እየያዙ በጥፍርዎ መቱ። «ይህን ያሰናዳልሽ ሰው ሥራ ያውቃል» አሉኝ። «አጎቴ ነው» አልኩ። «ጎበዝ ነው። በሕይወት አለ?» አሉኝ። «አለ» ብዬ መለስኩ። ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ ገባች።

ቸርኬ ነኝ ብዬ ነግሬዎት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሳቁ። በሁለተኛው ቀን እንዳይከፋኝ ቀስ ብለው «ቸርኬ ልጅ ናት እኮ፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ተቆጡ። «በልጄ ስም አትቀልጂብኝ!» ብለው የያዝኩትን ቁልፍ ከእጄ ነጠቁኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን ይዣለሁ። «እመቤት» ይሉኛል፣ ቁልፍ አቀብላለሁ፣ ብሎን እለያለሁ። እውነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ሥራ ኖሮኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን አላስችል አለኝ። በየማለዳው ደብዳቤዎቼን ያነባሉ። የመጨረሻው ከመንገድ የጻፍኩት ነው፤ ከሱ በኋላ የለም። ሲጨርሱ በሩ ላይ ይወጡና ጥጉን ያያሉ። ትናንት ወደኔ ዞረው «እመቤት፣ የእህቴ ልጅ መንገድ ላይ ናት። ድምፅዋ ጠፋ። አንድ ነገር ሆና ይሆን?» አሉኝና እንባዎ ወረደ። አጠገብዎ ቆሜ በኔ ሲያለቅሱ አየሁ። ፊቴን ካላመኑ ጽሑፌን ያምኑ እንደሆነ ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ደህና ነኝ። ምንም አልሆንኩም። ብስክሌቱም አላሳፈረዎትም፤ በዐሥራ ዘጠኝ ቀን የተበጠሰብኝ አንድ ሽቦ ብቻ ነው።

መንገዱን እነግርዎታለሁ ብዬ ነበርና ይኸው። መጀመሪያ አራት ቀን ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ሰው ያለ ምክንያት የሚናደደው እዚያ ነው። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ባሉኝ ቀላል ማርሽ፣ ተቀምጬ፣ እያዘገምኩ ወጣሁት፤ አህዮች ቀደሙኝ። አናቱ ላይ ስደርስ ቁልቁለቱ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ፔዳል አይነካም። ያኔ ጮክ ብዬ ስምዎን ጠራሁ። ከዚያ ወንዝ አለ፣ ድልድዩ እንጨት ነው፣ ጎማ ሲያልፍበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይንኳኳል። እርስዎ ቢሆኑ ወርደው የላላውን ብሎን ይፈልጉ ነበር።

ስለኔ አይጨነቁ። በሩ ላይ አይቁሙ፤ ብርዱ ወገብዎን ያገኘዋል። ቅርብ ነኝ።

ቸርኬ


ሚያዝያ 28

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለቸርኬ፣

የመጣሽበትም የምትመጪበትም መንገድ የተባረከ ይሁን። ደብዳቤሽን ልብስ ሰፊዋ ከፖስታ ቤት አመጣችልኝ። ደህና መሆንሽን ሳነብ ደረቴ ቀለለኝ። ድልድዩን ደጋግሜ አነበብኩት። ብሎን አይመስለኝም፤ ሳንቃው ደርቆ ነው የሚንኳኳ።

«ከጓዳው» ብለሽ የጻፍሽው ግን አልገባኝም። ጓዳውን ገብቼ አየሁ፤ እዚያ ያለችው እመቤት ብቻ ናት።

ስለሷ ሳልነግርሽ። በብስክሌት የመጣች እንግዳ ናት፤ ሱቁ ውስጥ ታግዘኛለች። ቁልፍ አያያዟ ደህና ነው። ብሎን ስትለይ እንዳንቺ ከራሷ ጋር ታወራለች። አንዳንዴ ዘወር ብላ ታለቅሳለች፤ ምን እንደሆነች መጠየቁ ነውር መሰለኝና ትቼዋለሁ። ትናንት ግድግዳ ላይ አስደግፌ ልኳን ወሰድኩ። ካንቺ በአራት ጣት ትበልጣለች። የድሮው ሲባጎሽ ከምስማሩ ላይ ጠፍቶብኝ ስፈልግ እሷው ከየት እንዳገኘችው እንጃ አመጣችልኝ፤ ሁለታችሁንም አንድ ምስማር ላይ ሰቅያችኋለሁ። አይክፋሽ፣ ቦታ ጠቦኝ ነው።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። ስትደርሺ አንድ ቀን እረፊ፣ በማግሥቱ እኔና አንቺ እንውጣ። እዚያ ድልድይ ድረስ እንኳ ቢሆን። አሁን ሱቁን የሚጠብቅ ሰው አለኝ። እሷንም ጠይቄያት ነበር፤ «እስክትመለሱ እጠብቃለሁ» ብላኛለች።

አጎትሽ